በቀድሞዎቹ ቱርቦፕሮፕ አውሮፕላኖች የካቢን አየር ግፊት እንዴት ይመራ ነበር? ለአየር መንገደኞች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በፕሮፔለር አውሮፕላን የተጓዘ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። አውሮፕላኑ ለማረፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር ጆሮ ይደፈናል፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ አንዱ መንገደኛ አፉን እየከፈተ ይዘጋል፣ ሌላው አፍንጫውን ይዞ ይታገላል። ብዙዎች ይህን ስሜት የከፍታ ለውጥ ብቻ ያመጣው አድርገው ይወስዱታል። በእርግጥ ግን ጆሮ የሚሰማው አውሮፕላኑ የወጣበትን ወይም የወረደበትን ከፍታ ሳይሆን፣ የበረራ ሠራተኞች በመንገደኞች ክፍል ውስጥ እንዲኖር የወሰኑትን የአየር ግፊት ነው። ይህ ውሳኔ ዛሬ በአብዛኛው በኮምፒውተር የሚፈጸም ሲሆን፣ በቀድሞዎቹ ቱርቦፕሮፕ አውሮፕላኖች ላይ ግን ከመነሣት እስከ ማረፍ ድረስ የአንድን የበረራ ሠራተኛ እጅና ዓይን ይጠይቅ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ አሠራር ምን እንደነበረ፣ በተለይም እንደ አዲስ አበባ ካሉ ከፍተኛ ቦታዎች በሚነሡ በረራዎች ላይ ለምን ልዩ ጥንቃቄ እንደሚሻ ለተገልጋዮች ማስረዳት ነው። በመጨረሻው ክፍል ከጤናና ከሕፃናት ጋር በተያያዘ መንገደኞች ከበረራ በፊትና በበረራ ወቅት ሊያደርጓቸው የሚገቡ ነገሮች ተካተዋል።

ግፊት መጨመር ለምን አስፈለገ?

አየር ክብደት አለው። በባሕር ጠለል ላይ የሚገኝ ሰው በእያንዳንዱ ካሬ ኢንች የሰውነቱ ክፍል ላይ 14.7 ፓውንድ የሚመዝን የአየር ጫና ተሸክሞ ይኖራል። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ከበላይ የሚቀረው አየር ስለሚያንስ ጫናውም ይቀንሳል። 2,330 ሜትር ገደማ ወይም ከ7,600 ጫማ በላይ ከፍታ ባለው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ግፊቱ የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በ20,000 ጫማ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ በ25,000 ጫማ ደግሞ ከአንድ ሦስተኛ ጥቂት ብቻ ይበልጣል። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በየትኛውም ከፍታ አይለወጥም። የሚለወጠው ኦክስጅኑን ወደ ደም የሚገፋው ግፊት ነው።

በመሆኑም ከፍ ብሎ የሚበር የመንገደኞች አውሮፕላን በመደበኛ በረራ ወቅት የካቢኑ ግፊት በ8,000 ጫማ ወይም በ2,440 ሜትር ገደማ ከሚገኘው የተፈጥሮ አየር ግፊት እንዳያንስ ተደርጎ ይሠራል። በሙያው ቋንቋ ይህ «የካቢን ከፍታ» ይባላል። አውሮፕላኑ 20,000 ጫማ ላይ ሆኖ ካቢኑ 6,000 ጫማ ላይ ነው ሲባል፣ በውስጥ ያለው አየር በ6,000 ጫማ ተራራ ላይ ካለው ጋር እኩል ነው ማለት ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ይህን 8,000 ጫማ የሚባል ወሰን ሲሰማ ሊደነግጥ አይገባውም፤ ዕለት ዕለት የሚተነፍሰው አየር ከዚያ ብዙም አይርቅም። ከባሕር ጠለል በ500 ሜትር አካባቢ ከምትገኘው ጋምቤላ ወይም ከጅቡቲ ለተነሣ መንገደኛ ግን ልዩነቱ የሚሰማ ነው።

ግፊት የሌላቸው አውሮፕላኖች በአገራችን አቪዬሽን ታሪክ ውስጥ ሰፊ ቦታ አላቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 አገልግሎት የጀመረበት የዳግላስ ዲሲ-3 ቤተሰብ አውሮፕላን የካቢን ግፊት አልነበረውም። መንገደኛው የሚተነፍሰው አውሮፕላኑ ያለበትን ከፍታ አየር ነበር። ስለዚህ አብራሪው ከደመናና ከነፋስ ለማምለጥ እንደልቡ ከፍ ማለት አይችልም፤ ቁንጮው ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነ የተራራ አገር ላይ ደግሞ እንደልቡ ዝቅ ማለትም አይችልም። የዚያን ጊዜ መንገደኛ ስለ መናወጥና ስለ ማስመለስ የሚያወራው ያለ ምክንያት አልነበረም።

አየሩ ከየት ይመጣ ነበር?

የመጀመሪያው ቱርቦፕሮፕ የመንገደኞች አውሮፕላን የእንግሊዙ ቪከርስ ቫይካውንት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1948 ሲሆን፣ በሚያዝያ 1953 በብሪቲሽ ዩሮፒያን ኤርዌይስ መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። አራቱም ሞተሮቹ ሮልስ ሮይስ ዳርት የሚባሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1955 የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው የኔዘርላንዱ ፎከር ኤፍ-27 እና እ.ኤ.አ. በ1960 የበረረው የእንግሊዙ 748 አውሮፕላንም የሚሠሩት በዚሁ ሞተር ነበር።

ዛሬ በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች የካቢኑ አየር የሚገኘው ከሞተሩ ራሱ፣ ነዳጅ ከሚቃጠልበት ክፍል በፊት ካለው መጭመቂያ ተቀንሶ ነው። ዳርትን በመሰለ ቀደምት ሞተር ላይ ግን ይህ ውድ ነበር። ሞተሩ አየሩን የሚጨምቀው ከአምስት እስከ ስድስት እጥፍ ብቻ ስለነበር፣ ከዚያች ላይ ለካቢን መቀነስ የአውሮፕላኑን ጉልበት መቀነስ ይሆናል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሌላ መንገድ መረጡ። ከሞተሩ ጋር በተያያዘ የጥርስ ሳጥን አማካይነት በዘንግ የሚዞር፣ ለካቢን ብቻ የተመደበ አየር መጭመቂያ ተገጠመ።

በዳርት ሞተር በሚሠሩት አውሮፕላኖች ላይ በስፋት ያገለገለው ዓይነት አሠራሩ ቀላል ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ስምንት ቁጥር መሰል ብረቶች ሳይነካኩ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ፤ በዞሩ ቁጥር በአንድ በኩል አየር አፍሰው በሌላው በኩል ይገፉታል። የአንጥረኛ ወናፍ እየተነፋና እየተጨመቀ የሚሠራውን ሥራ ይህ ያለ ዕረፍት በመዞር ይሠራዋል ማለት ይቻላል። ብረቶቹ ስለማይነካኩ አየሩ ወደሚያልፍበት ክፍል ዘይት ማስገባት አያስፈልግም፤ ይህም ለመተንፈሻ አየር ትልቅ ጥቅም ነበር። ጉድለቱ ደግሞ ጩኸቱ ነው። በተጨማሪም አየር ሲጨመቅ ስለሚሞቅ ወደ ካቢኑ ከመግባቱ በፊት በማቀዝቀዣ ውስጥ ማለፍ ነበረበት።

የአሜሪካው ሎክሂድ ኤሌክትራ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 የበረረው፣ በተመሳሳይ ሐሳብ ሌላ ዓይነት መጭመቂያ ተጠቀመ። አራት ሞተሮች ካሉት ከዚህ አውሮፕላን ውስጥ ወደ አካሉ በቀረቡት በሁለቱ፣ ማለትም በሁለተኛውና በሦስተኛው ሞተሮች ላይ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከሩ መጭመቂያዎች ተገጥመው ነበር። የኤሌክትራ ሞተር በበረራ ላይ ፍጥነቱ የማይለወጥ፣ በደቂቃ 13,820 ጊዜ የሚዞር ነው፤ አብራሪው ጉልበት ሲጨምርና ሲቀንስ የሚለወጠው የፕሮፔለሩ ቅጠሎች ዘንበል ማለት ነው። ስለዚህ አብራሪው ለማረፍ ጉልበት ሲቀንስም የካቢኑ መጭመቂያ አይዳከምም። ሞተሩ ፍጥነቱን በሚቀያይር አውሮፕላን ላይ ግን ቁልቁል ሲወረድ ጉልበት ከልክ በላይ ከተቀነሰ የሚገባው አየር ያንሳል፤ ሠራተኞቹም ይህን አስበው መውረድ ነበረባቸው።

ቁጥጥሩ ያለው በመውጫው ላይ ነው

ብዙ ሰው ካቢን እንደ ኳስ ተነፍቶ የታሸገ ይመስለዋል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ መንገደኞች በራሳቸው ትንፋሽ ይታፈኑ ነበር። አየር በረራው እስኪያበቃ ድረስ ያለማቋረጥ ይገባል፤ ያለማቋረጥም ይወጣል። መጭመቂያው የሚያስገባው መጠን በተቻለ መጠን ሳይለዋወጥ እንዲቆይ ይደረጋል። ግፊቱን የሚወስነው አየሩ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ያለው ማስወጫ ቫልቭ ነው። ቫልቩ ጠበብ ሲል አየሩ በውስጥ ይከማቻል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ የካቢኑ ከፍታ «ይወርዳል»። ሰፋ ሲል ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል።

ይህን ቫልቭ የሚያዘው በአብራሪዎች ክፍል ውስጥ የሚገኝ መቆጣጠሪያ ነበር። ኮምፒውተር የለውም፤ በውስጡ ያለው አየር የተወገደለት፣ ግፊት ሲለዋወጥ የሚኮማተርና የሚለጠጥ ቀጭን የብረት ሳጥን ነው። ሳጥኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ትናንሽ የአየር ቱቦዎችን እየከፈተና እየዘጋ ማስወጫ ቫልቩን ያንቀሳቅሳል። ሠራተኛው የሚሰጠው ትእዛዝ ሁለት ነው፦ ካቢኑ በስንት ጫማ ከፍታ ላይ እንዲቆይ፣ እዚያስ በምን ያህል ፍጥነት እንዲደርስ። ከዚያ በኋላ ሦስት መርፌዎችን ይከታተላል። አንዱ የካቢኑን ከፍታ፣ ሁለተኛው ካቢኑ በደቂቃ ስንት ጫማ እየወጣ ወይም እየወረደ እንደሆነ፣ ሦስተኛው በውስጥና በውጭ መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ያሳያሉ። በኤሌክትራ ይህ የበረራ መሐንዲሱ ሥራ ነበር፤ ሁለት አብራሪዎች ብቻ ባሉባቸው አውሮፕላኖች ላይ በብዛት የረዳት አብራሪው ድርሻ ሆነ።

ሦስተኛው መርፌ ወሰን አለው። ቫይካውንት የሚሸከመው የግፊት ልዩነት በካሬ ኢንች 6.5 ፓውንድ ነበር። ሌሎቹ በአብዛኛው ከዚህ ያነሰ ይሸከሙ ነበር። 5.5 ፓውንድ የሚሸከም አውሮፕላን በ25,000 ጫማ ላይ ሲበር ካቢኑን ከ8,000 ጫማ በታች ማውረድ አይችልም፤ በ20,000 ጫማ ላይ ሲበር ግን እስከ 5,000 ጫማ ድረስ ሊያወርደው ይችላል። ወሰኑ እንዳይታለፍ ራሱን ችሎ የሚከፈት የደኅንነት ቫልቭ አለ። የውጭው ግፊት ከውስጡ ቢበልጥ ወደ ውስጥ አየር የሚያስገባ ሌላ ቫልቭም አለ፤ የአውሮፕላን አካል ከውስጥ መገፋትን እንጂ ከውጭ መጨመቅን እንዲችል ሆኖ አልተሠራምና።

አንድ ነገር በቅንፍ ያህል ማንሳት ይገባል። በካቢን ውስጥ ሲጋራ ማጨስ በሚፈቀድበት ዘመን ጭሱ ሁሉ የሚወጣው በዚሁ ቫልቭ ነበር። የትንባሆው ዝፍት በቫልቩ ላይ እየተጋገረ እንቅስቃሴውን ስለሚያጓትተው ማጽዳቱ የጥገና ሠራተኞች የዘወትር ሥራ ነበር። የቫልቩ መንቀርፈፍ መንገደኛው ጆሮ ላይ ይሰማል፦ ግፊቱ በዝግታ መለወጡ ቀርቶ እየዘለለ ይለወጣል።

አውሮፕላኑና ካቢኑ፤ ሁለት የተለያዩ ጉዞዎች

የሥራው ክብደት ያለው አውሮፕላኑና ካቢኑ በተለያየ ፍጥነት መጓዛቸው ላይ ነው። አውሮፕላን በደቂቃ 1,500 ጫማ ቢወርድ የተለመደ ነው። የሰው ጆሮ ግን ይህን አይችልም። ለካቢን የተለመደው ፍጥነት ሲወጣ በደቂቃ 500 ጫማ፣ ሲወርድ 300 ጫማ ገደማ ነው። የመውረዱ ያነሰበት ምክንያት በጆሮ አፈጣጠር ነው። ከመሃል ጆሮ ወደ ጉሮሮ የሚያደርሰው ቀጭን ቱቦ ከውስጥ ለሚወጣ አየር በቀላሉ ይከፈታል፤ ከውጭ ግፊት ሲጨምርበት ግን እንደ እርጥብ የጨርቅ ቱቦ ይጣበቃል።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። አውሮፕላኑ በ20,000 ጫማ፣ ካቢኑ በ7,600 ጫማ ላይ ናቸው፤ መድረሻው የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። ካቢኑ በደቂቃ 300 ጫማ እየወረደ ባሕር ጠለል ለመድረስ 25 ደቂቃ ያስፈልገዋል። አውሮፕላኑ ግን በደቂቃ 1,500 ጫማ እየወረደ ከ14 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ሁለቱ መውረድ የጀመሩት እኩል ከሆነ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ በ4,500 ጫማ ላይ አውሮፕላኑ ካቢኑን «ይይዘዋል»። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ጭማሪ ግፊት የሚባል ነገር የለም። አየር አስገቢው ቫልቭ ይከፈትና መንገደኛው በደቂቃ 1,500 ጫማ ከአውሮፕላኑ ጋር አብሮ ይወርዳል፤ ጆሮው ከለመደው አምስት እጥፍ በሆነ ፍጥነት ማለት ነው። በቀድሞ በረራዎች ላይ በመጨረሻዎቹ ሦስትና አራት ደቂቃዎች ሕፃናት በአንድነት ሲጮኹ የሰማ ሰው ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ሊሆን እንደሚችል ይወቅ።

ልምድ ያለው ሠራተኛ ስለዚህ አውሮፕላኑ መውረድ ከመጀመሩ ቀድሞ ካቢኑን ማውረድ ይጀምራል። የመድረሻውን አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታ፣ በዚያን ሰዓት ካለው የአየር ጠባይ ግፊት ጋር አስተካክሎ በመቆጣጠሪያው ላይ ይሞላል። ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ከሞላው አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ በውስጥ የቀረ ግፊት ይኖራል፤ ማስወጫው ሲከፈት የሁሉም ጆሮ በአንድ ጊዜ ይመታል። ከፍ አድርጎ ከሞላው ደግሞ አውሮፕላኑ ካቢኑን በአየር ላይ ይይዘዋል። በሰዓቱ መጠመድ፣ የሬዲዮ ጥሪ ወይም ያልታሰበ የመስመር ለውጥ ይህን ሥራ ለጥቂት ደቂቃዎች ቢያዘገይ ውጤቱን የሚከፍለው ከኋላ የተቀመጠው መንገደኛ ነበር።

ከደጋ ሲነሡ

እስካሁን የተገለጸው አሠራር ሲታቀድ የታሰበው ለአውሮፓና ለአሜሪካ ከተሞች፣ ማለትም ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ላላሉ ማረፊያዎች ነበር። በእነዚህ ቦታዎች አውሮፕላኑ ሲወጣ ካቢኑም ይወጣል፣ ሲወርድም ይወርዳል። ከአዲስ አበባ ሲነሣ ግን ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል። ካቢኑ ጉዞውን የሚጀምረው በ7,600 ጫማ፣ ከመደበኛው ወሰን ጫፍ አጠገብ ነው። ወደ ጅቡቲ በሚደረግ በረራ ሠራተኛው አውሮፕላኑ ሽቅብ እየወጣ ሳለ ካቢኑን ቁልቁል ማውረድ መጀመር ይችላል። 5.5 ፓውንድ የሚሸከም አውሮፕላን በ20,000 ጫማ ላይ ሲደርስ ካቢኑን በ5,000 ጫማ ማቆየት ስለሚችል፣ በመጨረሻ የሚቀረው መውረድ 25 ደቂቃ መሆኑ ቀርቶ 17 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ቆላ የሚሄድ መንገደኛ አውሮፕላኑ ገና እየወጣ ሳለ ጆሮው እንደመውረድ ቢደፈንበት የተበላሸ ነገር የለም። ካቢኑ በእርግጥ እየወረደ ነው።

በተቃራኒው ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ አውሮፕላኑ ለማረፍ እየወረደ ሳለ ካቢኑ በዝግታ ይወጣል። መንገደኛውም መውረዱን በጆሮው ሳያውቀው ያርፋል። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚበር ሰው ደግሞ የሁለቱ ማረፊያዎች ከፍታ ስለሚቀራረብ ለውጡ እምብዛም አይሰማውም። ድሬዳዋ ግን ሌላ ነው። ማረፊያው 1,160 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኑ ካቢኑ 3,800 ጫማ ያህል መውረድ አለበት፤ ይህ ለብቻው 13 ደቂቃ ይወስዳል፣ በረራው ደግሞ አጭር ነው። በበረራ ላይ ጠጥተው ክዳኑን ያጠበቁት የፕላስቲክ ውኃ መያዣ ድሬዳዋ ሲደርሱ ጎድጉዶ ካገኙት የተመለከቱት ይህንኑ ልዩነት ነው።

ከዚህም የከበደ አለ። የቦሊቪያ የመንግሥት መቀመጫ የሆነችው የላፓዝ አውሮፕላን ማረፊያ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ለማረፍ ካቢኑ በሌላ ቦታ ቢሆን የአደጋ ደወል ከሚያስደውለው ከ10,000 ጫማ አልፎ መውጣት አለበት፤ በመሆኑም ልዩ አሠራርና ልዩ መሣሪያ ይጠይቃል። የእኛ ደጋ የሚያስቸግረው በዚህ ደረጃ አይደለም። ሆኖም ከአገር ውስጥ መስመሮች አጭርነትና ከማረፊያዎቹ ከፍታ መለያየት የተነሣ፣ በአንድ ቀን አራትና አምስት ጊዜ የሚያርፍ ሠራተኛ መቆጣጠሪያውን በየጉዞው እንደ አዲስ ማሰብ ነበረበት።

በኋላ የመጡት ቱርቦፕሮፖች፣ ለምሳሌ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያበረረው ፎከር 50 እና ከ2010 ጀምሮ ያስገባው ቦምባርዲየር ኪው-400፣ የካቢን አየራቸውን ከሞተሩ መጭመቂያ ይወስዳሉ። የራሱ ዘንግ ያለው መጭመቂያ ቀርቷል። የመድረሻውን ከፍታ ማስገባት ግን የሠራተኞቹ ተግባር ሆኖ ቀጥሏል።

ግፊት ሲጎድል

ግፊት በድንገት ከጠፋ ሰው ራሱን ችሎ ሊያስብ የሚችልበት ጊዜ እንደ ከፍታው ይለያያል። በ18,000 ጫማ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ በ25,000 ጫማ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው። ቱርቦፕሮፕ ከጄት ዝቅ ብሎ የሚበር መሆኑ በዚህ ረገድ ይጠቅማል። በዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመዘኛ መሠረትም ከ25,000 ጫማ በላይ ለሚበሩ አውሮፕላኖች የኦክስጅን ግዴታው ይጠብቃል። ብዙ ቱርቦፕሮፖች ከዚህ ከፍታ በላይ ስለማይበሩ ከራስ በላይ የሚወርድ ጭንብል ላይኖራቸው ይችላል። መንገደኛ ይህን አይቶ አውሮፕላኑ ጎዶሎ ነው ብሎ ሊደመድም አይገባም። በእንዲህ ዓይነት አውሮፕላን ላይ የመጀመሪያው መከላከያ ፈጥኖ ወደ ዝቅተኛ ከፍታ መውረድ ነው።

አደገኛው ቀስ ብሎ የሚጎድለው ነው። የኦክስጅን እጥረት አያምም፤ እንዲያውም ሰውየው ደኅና እንደሆነ እንዲሰማው ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 4 ቀን 2000 በአውስትራሊያ ከፐርዝ የተነሣ ቢችክራፍት ኪንግ ኤር የተባለ አነስተኛ ቱርቦፕሮፕ ወደ ሊዮኖራ ሲያቀና አብራሪው ለሬዲዮ ጥሪ መልስ መስጠት አቆመ። አውሮፕላኑ በራሱ መሪ ለአምስት ሰዓት ያህል በርሮ በኩዊንስላንድ በርክታውን አቅራቢያ ወደቀ። የነበሩት ስምንት ሰዎች በሙሉ ሞቱ። መርማሪዎቹ በውስጥ የነበሩት በግፊት መጉደል ምክንያት ራሳቸውን ስተው ሊሆን እንደሚችል አመለከቱ፤ ግፊቱ የጎደለበትን ምክንያት ግን መለየት አልተቻለም። የካቢን ከፍታ ማስጠንቀቂያ በመብራት ብቻ ሳይሆን በድምፅ ጭምር እንዲሆን የተሰጠው ምክረ ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። ሦስቱን መርፌዎች የሚከታተለው ሰው ራሱ ሊደበዝዝ ይችላልና።

በአውሮፕላኑ አካል ላይ የሚያርፈው ጫና

5.5 ፓውንድ በካሬ ኢንች ሲሰማ ትንሽ ይመስላል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲሰላ ግን 3.8 ቶን ገደማ ነው፤ አንድ የተጫነ አነስተኛ የጭነት መኪና በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ እንደቆመ ይቁጠሩት። የአውሮፕላኑ አካል በእያንዳንዱ በረራ አንድ ጊዜ ይነፋል፣ አንድ ጊዜ ይተነፍሳል። ረጅም መንገድ የሚሄድ ጄት ይህን በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ሲያደርግ፣ አጭር መስመር ላይ የሚመላለስ ቱርቦፕሮፕ ብዙ ጊዜ ያደርገዋል። ስለዚህ የእንዲህ ዓይነት አውሮፕላን ዕድሜ የሚቆጠረው በዓመትና በበረራ ሰዓት ብቻ ሳይሆን በተነሣበትና ባረፈበት ብዛት ነው።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2 ቀን 1971 ከለንደን ወደ ሳልዝበርግ ይበር የነበረ የብሪቲሽ ዩሮፒያን ኤርዌይስ ቪከርስ ቫንጋርድ ቱርቦፕሮፕ በቤልጂየም አርሴሌ መንደር አጠገብ ወድቆ 63 ሰዎች ሞተዋል። አውሮፕላኑ በ19,000 ጫማ ላይ ነበር። የመንገደኞቹን ክፍል ከጅራቱ የሚለየውና ግፊቱን የሚሸከመው የኋላ ግድግዳ ከታች በኩል በዝገት ተበልቶ ኖሮ ተቀደደ፤ ያመለጠው አየር ወደ ጅራቱ ገብቶ የአግድም ክንፎቹን ሽፋን ገነጠለ። ዝገቱ ያለበት ቦታ በዓይን የማይታይ፣ በተለጠፈ ማጠናከሪያ ብረት የተሸፈነ ነበር። መንገደኛ አውሮፕላኑ ለምርመራ ስለገባ በረራው ዘገየ ወይም ተሰረዘ ሲባል ቅር ማለቱ ተገቢ ነው። የዚህ ዓይነቱ ምርመራ ግን የሚፈልገው ከወለልና ከሽፋን በታች ያለውን በመሆኑ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ አይደለም።

ለመንገደኞች

ጆሮ መታገዝ ያለበት አውሮፕላኑ መውረዱ ሲታወቅ ሳይሆን ካቢኑ መውረድ ሲጀምር ነው፤ ይህም ከላይ እንደተገለጸው ቀደም ብሎ ነው። ተኝቶ የሚጓዝ ሰው ምራቁን የሚውጠው ጥቂት ስለሆነ ከማረፊያው ሰዓት ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ቢነቃ ይመረጣል። ማስቲካ ማላመጥ፣ ማዛጋትና ጥቂት ጥቂት ውኃ መጎንጨት ይረዳሉ። አፍንጫን ይዞ አፍን ዘግቶ መንፋትም ይቻላል፤ ነገር ግን በቀስታ ይሁን፣ በኃይል መንፋት የጆሮ ታምቡርን ይጎዳል። ሕፃናትን በዚያ ሰዓት ማጥባት ወይም ጡጦ መስጠት ከሁሉ ይበልጣል። የሚያለቅስ ሕፃንም ቢሆን በማልቀሱ ጆሮው ይከፈትለታልና እናትየውን ባታጨናንቋት መልካም ነው።

ከባድ ጉንፋን፣ የሳይነስ ወይም የጆሮ ሕመም ያለበት ሰው ከመጓዙ በፊት ሐኪም ቢያማክር ይገባዋል። የሚከተሉት ግን ያለ ሐኪም ፈቃድ መብረር የለባቸውም፦ በዓይን ቀዶ ሕክምና ወቅት በዓይናቸው ውስጥ ጋዝ የተሞላላቸው፣ በሳንባቸው ዙሪያ አየር የተጠራቀመባቸው፣ በቅርቡ የሆድ ወይም የደረት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ። በሰውነት ውስጥ የታሰረ ጋዝ የካቢኑ ግፊት ሲቀንስ ይሰፋል፤ በዓይን ውስጥ ከሆነ ማየትን እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ይችላል። የልብ፣ የሳንባ ወይም የከፋ የደም ማነስ ሕመም ያለባቸውም በጉዞ ላይ ኦክስጅን የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ይህን ትኬት ሲቆርጡ ለአየር መንገዱ ማሳወቅ አለባቸው። በዕለቱ በመግቢያው ላይ ቢናገሩ ሊዘጋጅ የማይችልበት ሁኔታ አለ። ከቆላ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ታማሚ ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች በተለይ ይህን ልብ ይበሉ፦ ታማሚው በካቢኑ ውስጥ የሚያገኘው አየር ሲነሣ ከለመደው የሳሳ ነው፤ አዲስ አበባ ሲያርፍም ወደለመደው አይመለስም።

በበረራ ላይ ከባድ የጆሮ ሕመም፣ የደም መፍሰስ ወይም የመስማት መቀነስ የደረሰበት መንገደኛ ወዲያውኑ ለበረራ አስተናጋጅ ያሳውቅ፤ ከአውሮፕላኑ ከወረደ በኋላም በሐኪም ይታይ። ቅሬታ ለማቅረብ የበረራ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የመቀመጫ ቁጥሩን፣ ሕመሙ የጀመረው ሲነሣ፣ በመንገድ ላይ ወይም ሲወርድ መሆኑን እንዲሁም የሕክምና ማስረጃውን በጽሑፍ ይዞ በመጀመሪያ ለአየር መንገዱ ማቅረብ ይቻላል። ጉዳዩ የበረራ ደኅንነትን የሚመለከት ከመሰለው ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ማመልከት ይችላል። ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት በትክክል ከተገለጸ፣ የካቢኑ ከፍታ በዚያን ሰዓት በምን ፍጥነት ይለወጥ እንደነበር ለማጣራት ለባለሙያዎች መነሻ ይሆናል።